ኮንክሪት ፈስሶ አይለቀምም

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ አንዲት አባላችን ያደረገችው ንግግር)



ባለፈው ወር ሁለት አባሎቻችን እዚሁ ሜሪላንድ ውስጥ ቤት ለማሠራት መሬት መግዛታቸውን ሲነግሩን እልል ብለን ነበር። ቡናው ላይ ግን ሰብሳቢያችን ጠጋ ብላ፣ "ያለፍሽበትን ብትነግሪያቸው ጥሩ ነው፤ በእልልታ ብቻ ቤት አይቆምም" አለችኝ። እነሆ መጣሁ።

አስቀድሜ ልናገር፤ እኔ መሐንዲስ አይደለሁም። ሃያ ሁለት ዓመት በአረጋውያን መጦሪያ የሠራሁ፣ የሰው እግር ሲያብጥና ሲቀዘቅዝ ሳይ የኖርኩ ሴት ነኝ። ዛሬ የምነግራችሁ ከወለል በታች ቱቦ ዘርግተን ቤታችንን ለማሞቅና ለማቀዝቀዝ ስንነሣ ምን እንደገጠመን፣ ከምን እንደዳንን፣ ምን ደግሞ በራሳችን እጅ እንዳበላሸን ነው።

ነገሩ የተጀመረው ከእናቴ እግር ነው። እናቴን ብዙዎቻችሁ ታውቋታላችሁ። በድሮው አፓርታማችን ሳለን መታጠቢያ ቤት ውስጥ እርጥብ ሴራሚክ ላይ ተንሸራትታ ዳሌዋ ተሰብሯል። ከዚያ ወዲህ በብርዱ ወራት ሁለት ካልሲ ደርባ፣ ጋቢ ተከናንባ፣ ነፋስ ከሚተፋው ማሞቂያ ፊት ነበር የምትውለው። ፊቷ ይደርቃል፣ ጉሮሮዋ ይከረክራል፤ እግሯ ግን በረዶ ነው። ስለዚህ ቤት ለመሥራት ስንነሣ ለባለቤቴ ያልኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "ኩሽናው ይጥበብ፣ የእማዬ ወለል ግን ይሙቅ።"

የወለል ማሞቂያ ምን እንደሆነ ላልገባችሁ፣ አዲስ አበባን አስታውሱ። በኅዳር ጠዋት አየሩ ያንቀጠቅጣል። ፀሐይ የመታው ግድግዳ ጥግ ስትቆሙ ግን ትሞቃላችሁ፤ አንድ እርምጃ ወደ ጥላው ስትገቡ ብርዱ ይመለሳል። የሁለቱም ቦታ አየር ያው ነው። ያሞቃችሁ ፀሐይዋና የጋለው ግድግዳ ናቸው። የወለል ማሞቂያም እንደዚያው ነው። በኮንክሪቱ ውስጥ የተቀበረ የፕላስቲክ ቱቦ ሞቅ ያለ ውሃ ያዞራል። ውሃው የሚፋጅ አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ወለሉ ይሞቃል፣ ወለሉም እኛንና ግድግዳውን ያሞቃል። ኮሪያውያን ኦንዶል በሚሉት ዘዴ፣ የጥንት ሮማውያንም በመታጠቢያ ቤቶቻቸው፣ የእሳት ሙቀት ከወለል ሥር እያሳለፉ ይሞቁ ነበር። ነገሩ አዲስ አይደለም።

ያገኘነው ኮንትራክተር ደግሞ ከጠየቅነው በላይ ቃል ገባልን። "በዊንተር ሙቅ ውሃ፣ በሰመር ቀዝቃዛ ውሃ በዚያው ቱቦ እንልካለን። ዳክት አያስፈልጋችሁም፣ ኤሲ አያስፈልጋችሁም፤ ወጪውም ይቀንሳል" አለ። ደስ አለን። አንድ ገጽ ሥዕል አሳየን፤ ከዳር እስከ ዳር እንደ እባብ የተጠማዘዘ መስመር ነው። ፈረምን።

የኮንክሪቱ ቀን ለረቡዕ ተቀጠረ። እሑድ ዕለት ከመካከላችን አንዷ፣ የሕንፃ ማሞቂያና ማቀዝቀዣ ንድፍ በመሥራት የምትተዳደረው ታናሽ እህታችን፣ እናቴን ልትጠይቅ መጣች። ነሐሴ ነበር፤ በረዶ ያለበት ውሃ አቀረብኩላት። በኩራት ሥዕሉን ዘረጋሁት። አየችው፣ ገለበጠችው፣ ጀርባው ባዶ ነበር። ከዚያ ሦስት ነገር ጠየቀችኝ።

"አንደኛ፣ እያንዳንዱ ክፍል በብርቱ ብርድ ሌሊት ስንት ዋት እንደሚያጣ ያሰላ አለ? ሁለተኛ፣ ከቱቦው በታች ምን አለ? ሦስተኛ፣ በሰመር ወለሉ ሲቀዘቅዝ የአየሩ እርጥበት የት ይሄዳል?"

አንዱንም አላውቅም ነበር። ለሦስተኛው ጥያቄ እሷም አፍ አውጥታ አልመለሰችልኝም፤ ያቀረብኩላትን ብርጭቆ ብቻ አነሣች። ብርጭቆው ከላይ እስከ ታች አልቦት፣ ጠረጴዛው ላይ የውሃ ቀለበት ሠርቷል። "ወለልሽም እንዲህ ቢያልበውስ?" አለችኝ። እናቴ ከሶፋው ላይ ሆና እየሰማች ነበር። ዳሌዋን ያዝ አድርጋ ዝም አለች።

በማግሥቱ ለኮንትራክተሩ ደወልኩ። ስሌቱን ስጠይቀው፣ "ሃያ ዓመት ሠርቼዋለሁ፤ ስሌት አያስፈልገውም" አለኝ። ስለ እርጥበቱ ሳነሣበት፣ "የባንኮክ ኤርፖርት እንኳ በሙቀት አገር ወለሉን በውሃ ያቀዘቅዛል" አለ። ይህ እውነት ነው። በ2006 የተከፈተው የሱቫርናቡሚ ኤርፖርት ወለሉ ይቀዘቅዛል። ነገር ግን እዚያ ከወለሉ ጋር እርጥበቱ የወጣለት ደረቅ አየር ወደ አዳራሾቹ ይገባል። ወለሉ ብቻውን አይደለም። ይህን ግማሹን ኮንትራክተሩ አልነገረኝም። ይልቁንም፣ "ረቡዕ ካልፈሰሰ ለእያንዳንዱ የዘገየ ቀን ትከፍላላችሁ" አለ።

ያን ሌሊት እኔና ባለቤቴ ተጨቃጨቅን። እሱ ገንዘቡን አሰበ፤ እውነቱን ነው። እኔም አፈርኩ፤ ፈርሜ ስለጨረስኩ እንደገና መጠየቅ እንደ ውርደት ታየኝ። ክርክሩን የቆረጠችው እናቴ ናት። ከክፍሏ ወጥታ፣ "ልጄ፣ እኔ ዳግም ከምወድቅ ኮንክሪቱ ይቆይ" አለች። ኮንክሪቱ አሥራ ሰባት ቀን ቆየ። ክፍያውን የሸፈንኩት ለኩሽና ቁምሳጥን ብዬ ባስቀመጥኩት የዕቁብ ገንዘብ ነው።

አሥራ ሰባቱ ቀን ምን አተረፈልን? አንድ በአንድ ልንገራችሁ፤ ቁጥር ሲሰማ የሚያስፈራ ቢመስልም ከበርበሬ ሚዛን አይከብድም።

መጀመሪያ የየክፍሉ ስሌት ተሠራ። እዚህ አገር "ማኑዋል ጄ" የሚባል የታወቀ የአሠራር መመሪያ አለ፤ መስኮቱን፣ ግድግዳውን፣ ጣራውን፣ የአካባቢውን ብርድ አስገብቶ እያንዳንዱ ክፍል የሚያጣውን ሙቀት ያወጣል። አንድ የሞቀ ወለል ከክፍሉ አየር በ1 ዲግሪ ሲበልጥ በየካሬ ሜትሩ 11 ዋት ገደማ ይሰጣል። የእናቴ ክፍል 16 ካሬ ሜትር ነው፤ በብርቱ ብርድ 800 ዋት ያጣል። በየካሬ ሜትሩ 50 ዋት መሆኑ ነው። 50ን ለ11 ስታካፍሉ 4 ተኩል ዲግሪ ይመጣል። ስለዚህ ክፍሉ 22 እንዲሆን ወለሉ 26 ተኩል ላይ መቆየት አለበት። ይህ ለእግር የሚመች ሙቀት ነው። ሰው በሚውልበት ክፍል የወለሉ ገጽ ከ29 ዲግሪ እንዳይበልጥ ይመከራል፤ ከዚያ ሲያልፍ ለእግር አይመችም።

ሳሎናችን ግን ሌላ ነገር አወጣ። ስፋቱ 30 ካሬ ሜትር ሆኖ፣ በወደድነው ትልቅ መስታወት ምክንያት 2,700 ዋት ያጣል፤ በየካሬው 90 ዋት ማለት ነው። ክፍሉን 21 ላይ ለማቆየት ወለሉ ከ29 ማለፍ ነበረበት። ማለትም ወይ ሶፋው ላይ ብርድ፣ ወይ እግራችን ምድጃ ላይ ሊሆን ነበር። መፍትሔው ቱቦው ውስጥ አልነበረም፤ መስኮቱ ላይ ነበር። አንዱን መስኮት አጠበብን፣ የሌሎቹን መስታወት በተሻለ ቀየርን፤ ኪሳራው ወደ 2,000 ዋት ወረደ፣ ወለሉም 27 በቃው። ስሌቱ ባይሠራ ይህን የምናውቀው በጥር ወር ተንቀጥቅጠን ነበር።

ቀጥሎ የቱቦው አዘረጋግ። በመጀመሪያው ሥዕል ቱቦው በሁሉም ክፍል በ30 ሴንቲ ሜትር ርቀት ተዘርግቶ፣ ለሳሎኑ አንድ የ100 ሜትር ዙር ብቻ ነበረው። ውሃ ረጅም መንገድ ሲሄድ ሙቀቱን በመንገድ ይጥላል፤ ሲመለስ ቀዝቅዞ ነው። የግማሽ ኢንች ቱቦ አንድ ዙር ከ90 ሜትር ገደማ ባይበልጥ ይመረጣል። በአዲሱ ንድፍ ሳሎኑ በ15 ሴንቲ ሜትር ርቀት ተዘረጋ፤ 200 ሜትር ቱቦ ፈጀ፣ በሦስት ዙር ተከፈለ። የእናቴ ክፍል ደግሞ የራሱ ዙርና የራሱ ቴርሞስታት አገኘ። እሷ ሲበርዳት ቤቱን ሁሉ ማጋል አያስፈልገንም።

ሁለተኛው ጥያቄ መልሱ አጭር ነበር፤ ከቱቦው በታች አንድ ስስ ላስቲክ ብቻ ነበር። መሬቱን ለማሞቅ ልንከፍል ነበር ማለት ነው! አሁን ከኮንክሪቱ በታች ጠንካራ የፎም ኢንሱሌሽን አለ፤ በቤቱ ዙሪያም የኮንክሪቱን ጠርዝ ያለብሰዋል፤ ሙቀት በብዛት የሚያመልጠው በጠርዙ ነውና።

አሁን ወደ ብርጭቆው እንመለስ። አየር እርጥበት ይሸከማል፤ የቀዘቀዘ ነገር ሲነካ ይጥለዋል። ይህ ጤዛ ነው። ክፍሉ 25 ዲግሪ፣ እርጥበቱ 50 በመቶ ከሆነ ጤዛ የሚጀምረው 14 ዲግሪ ገደማ በሆነ ነገር ላይ ነው። እርጥበቱ 70 በመቶ ሲደርስ ግን 19 ዲግሪ በሆነ ነገር ላይም ይወርዳል። የሜሪላንድን ሐምሌና ነሐሴ ታውቁታላችሁ። ልጆች በር ከፍተው ሲወጡ ሲገቡ፣ ድስት ሲንተከተክ፣ ሰው ሲሰበሰብ እርጥበቱ ይወጣል። ወለሉ 19 ላይ ከተተወ ሴራሚኩ በማይታይ ውሃ ይሸፈናል፤ እንጨት ከሆነ ከሥሩ ይሻግታል። የእናቴ ዳሌ እንዲያ ባለ ወለል ላይ ነው የተሰበረው።

በዚያ ላይ ወለል በማሞቅ እንጂ በማቀዝቀዝ ብርቱ አይደለም። ሞቃት አየር ወደ ላይ ይነሣል፤ ቀዝቃዛ አየር ግን ወለሉ ላይ ተኝቶ ይቀራል። ስለዚህ ሲያሞቅ በ1 ዲግሪ 11 ዋት የሚሰጠው ወለል፣ ሲያቀዝቅዝ 7 ዋት ገደማ ብቻ ይወስዳል። ክፍሉ 25 ወለሉ 20 ቢሆን 35 ዋት ነው። ምዕራብ የሚያየው ሳሎናችን ከሰዓት በኋላ የሚፈልገው ከዚያ ዕጥፍ በላይ ነበር። ደግሞም ወለል እርጥበትን ከአየር አያወጣም፤ ያንን የሚያደርግ ሌላ መሣሪያ የግድ ነው። እንደ ዴንቨር ባለ ደረቅ አገር ያሉ እህቶቻችን በዚህ በኩል ከእኛ ይቀላቸዋል።

ስለዚህ እንዲህ ወሰንን። ማሞቁን ወለሉ ይሥራ። በሰመር ቀዝቃዛ ውሃ የሚዞረው በሳሎንና በመተላለፊያው ብቻ ይሁን፤ የጤዛውን ነጥብ የሚከታተል መለኪያ ይኑር፤ እርጥበቱ ሲጨምር ውሃውን ያሙቅ ወይም ይዝጋው። ዳክት ያለው አነስተኛ ኤሲ ደግሞ አየሩን ያድርቅ፣ የቀረውንም ሙቀት ያውጣ። በእናቴ ክፍልና መታጠቢያ ቤት ግን ቀዝቃዛ ውሃ ፈጽሞ አይግባ፤ ሰመር ሲመጣ የእነርሱ ዙር ይዘጋል። ውሃውን የሚያሞቀውም የሚያቀዝቅዘውም አንድ ሂት ፓምፕ ነው። የወለል ማሞቂያ ለብ ያለ ውሃ ስለሚበቃው ከሂት ፓምፕ ጋር ይስማማል፤ ፓምፑ ውሃውን ብዙ ማጋል ባላስፈለገው መጠን የሚበላው ኤሌክትሪክ ያንሳል።

"የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች" ይላሉ እናቶቻችን። የፈሰሰ ጤፍ ቢያንስ ይለቀማል። ኮንክሪት ግን ፈስሶ አይለቀምም። እዚህ አገር ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ ከ1947 ጀምሮ ኒውዮርክ አጠገብ ሌቪታውን በሚባል ሰፈር በሺዎች የሚቆጠሩ ቤቶች ሲሠሩ በወለላቸው ውስጥ የመዳብ ቱቦ ተቀብሮ ነበር። ከዓመታት በኋላ መዳቡ እየተበላ ማፍሰስ ጀመረ። ብዙ ባለቤቶች ወለል ከመስበር ይልቅ ማሞቂያውን ትተው ሌላ አስገቡ። ዛሬ የሚቀበረው ፔክስ የሚባል ፕላስቲክ ስለሆነ እንደ መዳቡ አይበላም። የተሳሳተ ንድፍ ግን በፔክስም ቢሠራ የተሳሳተ ነው።

ኮንክሪቱ በፈሰሰ ዕለት ሌላ ትምህርት አገኘን። ታናሽ እህታችን እንደመከረችን፣ ቱቦዎቹ ከቀደመው ቀን ጀምሮ በግፊት ተሞልተው፣ መለኪያው እንደተገጠመ ነበር። ባለቤቴ ወንበር ይዞ መለኪያው አጠገብ ተቀመጠ። ረፋዱ ላይ መርፌው መውረድ ጀመረ። ሥራ አስቆመ። አንድ የእጅ ጋሪ የመተላለፊያውን ቱቦ ጨፍልቆት ኖሯል። እዚያው ተጠገነ። ግፊት ባይኖር ኖሮ ማንም ሳያውቅ ተቀብሮ ነበር።

ሁሉን አሳመርን እንዳትሉ ደግሞ ጥፋቴን ልናዘዝ። አንደኛው የማይታረም ነው። ቱቦው ሲዘረጋ የእህል ማስቀመጫ ቁምሳጥኑ የት እንደሚቆም አልተናገርኩም። አንዱ ዙር በሥሩ አለፈ። የመጀመሪያው ዊንተር ላይ ከታች ያስቀመጥኩት ንጥር ቅቤ እንዳለ ቀልጦ አገኘሁት። አሁን እዚያ የምናስቀምጠው ሳህን ነው። ሁለተኛው፣ ሳሎኑ ላይ ወፍራም ምንጣፍ አነጠፍኩና "ወለሉ አይሞቅም" ብዬ ጮኹ። ወለልን ጋቢ ካለበሳችሁት ሙቀቱን ለማን ይስጥ? ሦስተኛው፣ ቴርሞስታቱን ማታ ዝቅ፣ ጠዋት ከፍ አደርግ ነበር። ኮንክሪት እንደ ወፍራም ምጣድ ነው፤ ቀስ ብሎ ይሞቃል፣ ቀስ ብሎ ይቀዘቅዛል፤ ሰዓታት ይፈጅበታል። አንድ ቦታ ላይ ተዉትና እርሱት።

ለሁለቱ እህቶቼ በአጭሩ ይህን ልተውላችሁ። ከመፈረማችሁ በፊት የየክፍሉን ስሌት በጽሑፍ ጠይቁ። በሥዕሉ ላይ የቱቦው ርቀት፣ የየዙሩ ርዝመት፣ ከሥሩ ያለው ኢንሱሌሽን ውፍረት ተጽፎ እዩ። ቁምሳጥን፣ ፍሪጅና የመታጠቢያ ገንዳ የሚቆሙበትን ቦታ ቀድማችሁ ወስኑ። ወለላችን ያቀዝቅዛል የሚላችሁን ሰው፣ "እርጥበቱን ምን ያወጣዋል?" በሉት። ኮንክሪት ሳይፈስ በፊት ሜትር ዘርግታችሁ ቱቦዎቹን ፎቶ አንሡ፤ ነገ ወለል የሚበሳ ሰው ይመጣል። በሚፈስበት ቀን ከመለኪያው አጠገብ የታመነ ሰው አስቀምጡ።

ከሁሉ በላይ ደግሞ አትፈሩ። እኔን ሊያስፈርመኝ የነበረው አለማወቄ ብቻ አይደለም፤ "ይህቺ ሴት ምን ታውቃለች" እንዳልባል መፍራቴ ነው። የማታውቁትን መጠየቅ ነውር አይደለም። በገዛ ገንዘባችሁ የምታሠሩት ቤት ነው፤ የሚኖርበትም የእናንተ ሰው ነው።

ለማኅበራችንም አንድ ሐሳብ አለኝ። ታናሽ እህታችን ያን እሑድ በዕድል ነው የመጣችው። ዕድልን መጠበቅ ለምን? ቤት የምታሠራ ወይም የምታድስ አባል ከመፈረሟ በፊት ወረቀቷን ይዛ የምትመጣበት፣ ያለፉበት እህቶች አብረው የሚያዩበት አንድ ቅዳሜ በየሁለት ወሩ ይኑረን። የባለሙያ እህቶቻችን ጊዜም እንጀራቸው ነውና ከማኅበሩ ሣጥን ተገቢው ይከፈላቸው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።

እናቴ በአዲሱ ቤት ሁለት ዊንተር አሳልፋለች። ጉልበቷ እንደሆነ ያው ያማታል፤ ወለል መድኃኒት አይደለም። ግን ባለፈው ጥር፣ ውጭው በረዶ ለብሶ ሳለ፣ ከሥራ ስመለስ መስኮቷ ሥር በባዶ እግሯ ቆማ አገኘኋት። ካልሲዎቹ ወንበሩ ላይ ናቸው። "እማዬ፣ ካልሲሽስ?" አልኳት። "ለምን?" አለችኝ።

ጥያቄ ካላችሁ ቡናው እስኪፈላ ድረስ እዚሁ ነኝ።